ሾፌሩ "ልተኛ" ሲል



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ መናኸሪያ የሚሠራ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። በሩሲያ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር የመጨረሻው እሑድ የአሽከርካሪዎች ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ከሶቪየት ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ቪዲዮውን አሳየኝ። መኪኖች ተሰልፈው ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌሮች ደረታቸው ላይ ሜዳልያ ይደረግላቸዋል። "ኡስታዝ፣ እኛም ክብረ መንግሥት ላይ እንዲህ ብናደርግ ሐራም ይሆናል እንዴ?" አለኝ።

ቶሎ መለስኩለት። ዒዳችን ሁለት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት ነበሯቸው፣ አላህ በእነሱ ምትክ ዒደል ፊጥርንና ዒደል አድሓን ሰጠን። አንድን ሙያ ለማመስገን የተመረጠ የሥራ ቀን ግን ዒባዳ ተብሎ እስካልተያዘ ድረስ ከዒድ ጋር የሚያገናኘው ነገር አይታየኝም። የሚከለክሉ ዑለሞች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ኮሜንት ላይ ይህንን ይዘን እንዳንጨቃጨቅ አደራ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው።

ልጁ ከሄደ በኋላ መልሴ አልበቃኝም። ስለ ሾፌር ሐዲስ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በአንድ ጉዞ ላይ ሴቶቹ በግመል ተጭነው ሲሄዱ አንጀሻ የሚባል ነጂ ነበር። ድምፁ ያማረ ነው፤ ሲያዜም ግመሎቹ ፍጥነት ይጨምራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስሙ ጠርተው ቀስ እንዲል ነገሩት፤ የያዘው ጠርሙስ መሆኑንም አስታወሱት። ጠርሙስ ያሉት ሴቶቹን ነው፤ ይሰበራሉ ለማለት። ኢብን ሐጀር ፈትሑል ባሪ ላይ ከበላዙሪ ጠቅሰው እንደጻፉት አንጀሻ ሐበሻ ነበር። እኔ ይህን በመድረሳ ስቀራ ሸኻችን ፈገግ ብለው "የእናንተ ሰው ነው" ያሉን ትዝ ይለኛል።

ከዚህ ሐዲስ ሰው ሁሉ የሚይዘው "ቀስ በል" የሚለውን ነው። ትክክል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፦ "ፍጠን" ያለው ሰው በዚያ ጉዞ ላይ አልነበረም። የአላህ መልእክተኛ ራሳቸው ከነጂው ጎን ሆነው ያቀዘቅዙታል። እኛ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠን ምን እንላለን?

መንገዳችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከሐዋሳ ወደኛ የሚመጣ መኪና በአለታ ወንዶና በሀገረ ሰላም አድርጎ ቦሬን ይሻገራል። ቦሬ ላይ ጉሙ ሲወርድ በቀትር መብራት ተበርቶ ነው የሚሄደው፤ ዝናብ ከተጨመረበት መንገዱና ገደሉ አይለይም። ከዚያ ቁልቁል ወደ ክብረ መንግሥት። ከኛ ደግሞ በዋደራ ጫካ አቋርጦ ወደ ነገሌ ሲወርድ ሙቀቱ ይጀምራል፤ ግመልና ከብት መንገድ ላይ ይተኛል። ብዙዎቹ ጭነት የያዙ ነገሌም አያበቁም፤ ፊልቱን አልፈው ዶሎ አዶ ይደርሳሉ። አንድ ሾፌር በአንድ ቢያጆ ብርዱንም፣ ጉሙንም፣ አቧራውንም፣ ቆላውንም ይቀምሳል። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ እንደተጫነ ያድራል፣ ይሰነብታል። ቤቱ የደወለች ሚስት "የት ደረስክ?" ስትለው እውነቱን አይነግራትም።

ክፍያው እንዴት እንደሆነ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ የነገሩኝ ኑሯቸው በደመወዝ ሳይሆን በቢያጆ አበል እንደሆነ ነው። ብዙ ቢያጆ የመታ ብዙ ያገኛል። የተኛ ሾፌር የራሱን እንጀራ እንደቆረሰ ነው የሚቆጠረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኗል። ይህንን ለአንድ የአይሱዙ ሾፌር ስነግረው ሳቀ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ቀልድ መስሎት ነው።

ስለ አይሱዙ ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህች ገጽ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ሕዝቡ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ብሎ ስም አወጣ። የአደጋው ብዛት ነው ያሰጣቸው። ለኛ ለሙስሊሞች የመጀመሪያው ስም የሚያም መሆኑን ትቼ፣ ይህ ስም የሚያርፈው ብረቱ ላይ ብቻ አይደለም። ውስጥ የተቀመጠው ሰውም አብሮ ገዳይ ተብሎ ይጠራበታል። ልጁ ትምህርት ቤት "አባትህ ምን ይሠራል?" ሲባል ምን ብሎ ይመልስ? መኪናው የሚጭነው እኮ የኛን ስኳር፣ የኛን ሲሚንቶ፣ የኛን ዘይት ነው። የጉጂን ቡና ወደ መሐል አገር የሚያወጣው እሱ ነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች በሽታ አምጪ ተብለው ሰው ሲሸሻቸው እናስታውሳለን። የሸሻቸው ሰው በዚያው ሳምንት የሸመተው ዘይት ከየት እንደመጣ አልጠየቀም።

አደጋው ግን እውነት ነው፤ አላለባብሰውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ከገላና ድልድይ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። ከኛ ሩቅ አይደለም። የጭነት መኪና ላይ ሠርገኛ! ያን ቀን መኪናው ላይ የወጣው ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነው የወጣው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ስንቶቻችን አድርገነዋል? እኔ አድርጌያለሁ፣ ለሠርግም ለጀናዛም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ነገሌ ላይ የጀማዓችን ዘመድ የሆነ ሰው ሞተ። ጀናዛው ጠዋት ነው ተባለ። ከዒሻ በኋላ ሚኒባስ እንዳፈላልግ ተላክሁ፤ የኢማሙ ረዳት መሆን እንዲህ ያለው ሥራ ይበዛበታል። አንድ ሾፌር አገኘሁ። ከሐዋሳ በዚያው ምሽት ነው የገባው። ዓይኑ ቀልቷል። "ኡስታዝ፣ ዛሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነኝ። ሦስት ሰዓት ብቻ ልተኛና ልውሰዳችሁ፤ ለጀናዛው እንደርሳለን" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "የጀናዛ ጉዳይ ነው፣ አጅሩን አላህ ይከፍልሃል፤ እዚያ ስንደርስ ትተኛለህ።" አጅር ብዬ አፉን ዘጋሁት። ሙስሊም ሾፌር ኡስታዝ አጅር ሲለው ምን ብሎ ይከራከራል?

ሄድን። በሰላም ደረስን፣ ሰገድን፣ ቀበርን። "እዚያ ትተኛለህ" ያልኩትን ረሳሁት። ከጀማዓው ገሚሱ ገበያ አለን፣ ገሚሱ ሥራ አለን አለ። ወዲያው ተመለስን። መኪናው ውስጥ ሁላችንም እንቅልፍ ወሰደን፤ መንቃት የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከሁላችን በላይ የደከመው። ዋደራን ሳንደርስ መኪናው ከመንገድ ወጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልሞተም። በር ላይ የነበረው ረዳት፣ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ እግሩ ተሰበረ። ዛሬም ያነክሳል።

ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቃል ሲቀበል ሁላችንም አንድ ነገር ተናገርን፦ "ተኝቶ ነው።" እኔም ተናገርኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ግን እንዲተኛ እንደለመነኝ አልተናገርኩም። ልጁ መንጃ ፈቃዱን ተቀማ፣ ወራት ያለ ሥራ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ጁሙዓ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ነበርኩ፤ ሰዎች "አላህ አተረፋችሁ" እያሉ ጨበጡኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የማውቀው ሐዲስ እንደ አዲስ የገባኝ። ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሶላት ላይ ሆኖ ካንጎላጀው እንቅልፉ እስኪወጣለት ይተኛ ብለዋል፤ ያንጎላጀ ሰው ምሕረት ልለምን ብሎ ራሱን ሊሰድብ ይችላልና። ሶላት ላይ! ከአላህ ፊት ቆሞ እያለ! የሚሰግድ ሰው ቢሳሳት የሚጎዳው ራሱን ነው። አሥራ አምስት ነፍስ የያዘ ሰው ሲያንጎላጅ ግን "ትንሽ ጫት ያዝ፣ ሙዚቃ ክፈት፣ በርታ" እንለዋለን። ጫቱን ሾፌሩ ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ እኛም እንዲነቃ ብለን ገዝተን እንሰጠዋለን። ምርቃናው ሲወርድበት መኪናው የት እንደሚሆን አናስብም።

ሌላም አለ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ለእረፍት ስታርፉ ከመንገዱ ራቁ ብለዋል፤ የእንስሳትና የተናዳፊ ነገሮች መተላለፊያ ነውና። አስቡት፣ ሙሳፊር የት ማረፍ እንዳለበት ሳይቀር ተነግሮናል። የኛ ሾፌር የት ይረፍ? ከተማችን ውስጥ ጭነቱን ትቶ አልጋ ቢይዝ ጎማው ይፈታል፣ ሸራው ይቀደዳል። ስለዚህ መንገድ ዳር፣ ጋቢና ውስጥ፣ ጉልበቱን አጥፎ ያሸልባል።

ስለ ጭነት ደግሞ ለነጋዴ ወንድሞቼ አንድ ነገር ላስታውስ። የፊቅህ ኪታቦቻችን ሾፌርን ያውቁታል። "ሙካሪ" ይሉታል፤ እንስሳ እያከራየ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ማለት ነው። እዚህ አገር በየመድረሳው የሚቀራው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ፣ የኢጃራ ምዕራፍ ላይ፣ መቶ ልጭን ብሎ ተከራይቶ መቶ አሥር የጫነን ሰው ያነሳል። ለትርፉ ኪራይ ይከፍላል፤ እንስሳዋ በዚያ ትርፍ ከጠፋች ደግሞ ተጠያቂ ነው። ዝርዝሩ የባለንብረቱን መኖርና አለመኖር ይለያል፣ ለአሁን ልለፈው። አሥር በመቶ ትርፍ ነው እኮ! እኛ ዘንድ አምሳ ኩንታል ተዋውሎ ሰባ የሚያስጭን ነጋዴ አለ፤ ሾፌሩ እምቢ ካለ ሌላ ሾፌር ይፈለጋል። ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ሲበጠስ ግን ስሙ የሚጠራው የሾፌሩ ነው። ይህ ነጋዴ ከኛው ጋር ይሰግዳል፣ በረመዷን ያስፈጥራል፣ አላህ ይቀበለው። ሐቁን ግን ከዚህ ማንበብ አለበት።

ከአደጋ በኋላ የምንናገራት ቃልም አለች፦ "ቀደር ነው።" አዎ፣ ቀደር ነው። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ግን ቀደርን የምናነሳው ለማጽናናት ነው ወይስ ጥያቄውን ለመዝጋት? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ በስሕተት ሙእሚንን ለገደለ ሰው ሁለት ነገር ደነገገ፤ ለቤተሰቡ የሚከፈል ዲያና ከፋራ። ባርያ ነፃ ማውጣት ለማይችል ከፋራው ሁለት ወር ተከታታይ ጾም ነው። ስሕተት ነው ተብሎም ዝም አልተባለም። ይህን የማያውቁ ሾፌሮች ብዙ ናቸው፤ ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ በጉጂ ባህል ሽማግሌ ተቀምጦ ጉማው አለቀ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ ይላሉ። ወንድሜ ሾፌር ሆይ፣ ይህ ከደረሰብህ ዑለማ ጠይቅ፤ የአንተ ጥፋት እንዳለበትና እንደሌለበት ተለይቶ ይነገርሃል። ከሶስተኛ ወገን መድን ውጪ በአንተና በጌታህ መካከል የቀረ ሒሳብ ሊኖር ይችላል።

ሾፌሮችን መላእክት ላደርጋቸው አይደለም። ቁልቁለት ላይ ስልክ የሚያወራ አለ። ኩርባ ላይ የሚቀድም አለ። ሳይማር መንጃ ፈቃድ የያዘም አለ፤ ያን የሸጠለት ሰው ወንጀሉ ከሱ ይበልጣል። ለነዚህ የትራፊክ ሕጉ ይጥበቅባቸው፣ አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ከ2005 ወዲህ የኖቬምበርን ሦስተኛ እሑድ የእነዚህ ሟቾች መታሰቢያ አድርጎታል። ሩሲያዎቹ ሾፌሩን ባመሰገኑ ልክ በሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩዋቸው፣ ሾፌሩን ያመሰገነ ሰው ስለ ሟቾቹም መጠየቅ እንዳለበት ይገባችኋል። ጥያቄው ግን "ማን ነዳ?" ብቻ ከሆነ ጎዶሎ ነው። ማን አስቸኮለ? ማን ጫነ? ማን እንቅልፉን ከለከለ?

የመናኸሪያውን ወጣት ትናንት ጠራሁት። ቀኑን አክብሩ፣ እኔ አልቃወምም፣ ግን ቆብና ቲሸርት አድላችሁ እንዳትበተኑ አልኩት። ባለንብረቶችን ጥሩ፣ ነጋዴዎችን ጥሩ፣ እኛንም የመስጊድ ሰዎችን ጥሩን፤ ሾፌሩና ረዳቱ ተቀምጠው ይጠይቁን። ጎሚስታውም፣ መካኒኩም፣ ተራ አስከባሪውም ይምጡ፤ መንገዱ የሚቆመው በነሱም ነው። አብሮን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ በድሮ ጊዜ ኤንትሬ ይነዱ የነበሩ። ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና "ቀን ከምትሰጡን ሌሊቱን ብትሰጡን ይሻል ነበር" አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም።

በኛ በኩል ሁለት ነገር ጀምረናል። አንደኛ፣ ከመስጊዳችን ለጀናዛም ሆነ ለታዕዚያ የሚወጣ መኪና ሾፌሩ ሳይተኛ አይወጣም። ሩቅ ከሆነ ሁለተኛ ሾፌር ከጀማዓው ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ካልተገኘ ደግሞ እዚያ ያሉት ወንድሞች ይሰግዱበታል፣ ፈርዱ በነሱ ይወርዳል። እኛ ከሩቅ ሆነን ዱዓ እናደርጋለን። ኢማማችን በዚህ ተስማምተዋል። ሁለተኛ፣ ከውዱእ ቦታው ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት አስለቅቀናል። ለሾፌርና ለረዳት ማረፊያ ነው፤ ሙስሊም ነህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ቅጥሩ ውስጥ ሁለት መኪና ይቆማል፣ ዘበኛችን ጭነቱን ያያል። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አደሩ። ጠዋት አንድ አባታችን ምንጣፉ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ ብለው ተቆጡ። ምንጣፉን አጠብኩት።

ያንን ሾፌር ዘንድሮ አገኘሁት። መንጃ ፈቃዱ ተመልሶለት ይሠራል። ለፖሊስ ያልተናገርኩትን ነገርኩት፣ ዐፍው በለኝ አልኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ "ልጁን ጠይቀው" አለኝ፤ ረዳቱን ማለቱ ነው። ልጁ መናኸሪያ በር ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ሄጃለሁ። ሕክምናውን በተመለከተ ከቤተሰቡ ጋር የያዝነው ነገር አለ፤ እሱ በኛ መካከል ይቆይ።

ለማረፊያ ክፍሉ አራት ፍራሽ ያስፈልጋል፣ ሁለት አለን። ብርድ ልብስም የለም፤ ከቦሬ በኩል የሚገቡት በርዷቸው ነው የሚደርሱት። መስጠት የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ መስጊድ ያገኘኛል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።